የመምህሩ ሰንበት

በሂማላያ ተራሮች መካከል፣ በሰሜን ከቲቤት፣ በደቡብ ከሕንድ አገር ጋራ የሚዋሰን ቡታን የሚባል ትንሽ መንግሥት አለ። አገሩ ሜዳው ጥቂት፣ ገደሉ ብዙ ነው። ሰው በአንዱ መንደር ቆሞ በማዶ ያለውን መንደር ጢሱን ያያል፣ የውሻውንም ጩኸት ይሰማል፤ ወደዚያ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን መውረድና መውጣት አለበት። የሕዝቡም ቁጥር በ2017 ዓመት 727,145 ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን የዚያ አገር ልጆች ፊደል የሚማሩት በገዳም፣ ከመነኰሳት እግር ሥር ተቀምጠው ነበረ። ከ1961 ወዲህ ግን መንግሥቱ የአምስት ዓመት የሥራ ዕቅድ አውጥቶ መንገድንና ትምህርት ቤትን ያበዛ ጀመር። የአገሩ መምህራን ስላልበቁም ብዙዎችን ከሕንድ፣ ጥቂቶችን ከሌላ ሩቅ አገር ጠራ። ከሩቅ ከመጡት ሁሉ ስማቸው የታወቀው አባ ዊልያም ማኬ የተባሉ ካናዳዊ ካህን ናቸው። እርሳቸው በ1963 መጥተው በምሥራቅ ባለችው በትራሺጋንግ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በ1985 የቡታን ዜግነት ተቀበሉ፤ በ1995 እዚያው አገር ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ ወደ ምሥራቁ ተራራ ከመጡት አንዱ ወጣት ካናዳዊ መምህር ነበረ። ዘመኑ ከ1980 በኋላ ነው። ይህ መምህር ትጉህና ቅን ሰው ነበረ፤ ነገር ግን በትጉህ ሰው ላይ የምትገኝ አንዲት ነውር ነበረችበት፤ እርሱ የሚተጋውን ያህል ያልተጋ ሁሉ ሰነፍ ይመስለው ነበር።

በአምስተኛው ክፍል ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው አንድ ልጅ ነበረ። በሐምሌ ወር ይህ ልጅ በትምህርት ሰዓት ያንቀላፋ ጀመር። መምህሩ አንድ ጊዜ ቀሰቀሰው፤ ሁለት ጊዜም ገሠጸው። በሦስተኛው፣ ዕለቱም ዐርብ ነበረ፣ ልጁ ራሱን በመጽሐፉ ላይ ጥሎ ሲያንኰራፋ የክፍሉ ልጆች ሳቁ። መምህሩም ተቈጣና፣ «ሰኞ አባትህን ይዘህ ካልመጣህ ከዚህ ክፍል አትገባም» አለው። ልጁ ጐንበስ ብሎ፣ «እሺ ላ» አለና ወጣ። «ላ» ማለት በዚያ አገር በንግግር መጨረሻ የምትጨመር የአክብሮት ቃል ናት፤ ልጅ ለታላቁ ሲናገር ያለ እርሷ አፉን አይከፍትም። መምህሩም፣ «ዛሬ መልካም ሥርዐት አስተማርሁ» እያለ ወደ ቤቱ ሄደ።

በቀዳሚት ሰንበት እስከ ቀትር ትምህርት ነበረ። ልጁ ግን አልመጣም። መምህሩ፣ «ፈርቶ ቀረ» ብሎ በስም መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። ከትምህርቱም በኋላ ተማሪዎቹ ሁሉ ግቢውን ጠርገው፣ ሣሩን በማጭድ አጭደው፣ በየመንገዳቸው ተበተኑ። ወንዶቹ ልጆች ጎ የሚባለውን ረጅም ልብስ በመቀነት አጥብቀው እስከ ጕልበት ይሰበስቡታል፤ ከመቀነቱም በላይ ያለው እጥፋት እንደ ታላቅ ኪስ ሆኖ መጽሐፍ፣ ኩባያ፣ ምሳ፣ አንዳንድ ጊዜም የድመት ግልገል ይያዝበታል። ሴቶቹ ልጆች ኪራ የሚባለውን እስከ ቍርጭምጭሚት የሚደርስ ልብስ ይለብሳሉ።

ሰው በባዕድ አገር ሲኖር በሥራ ቀን ብዙ አይከብደውም፤ ሥራው ይይዘዋልና። የሚከብደው የዕረፍት ቀን ነው። መምህሩም በመጀመሪያዎቹ ወራት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በቤቱ ተቀምጦ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ የደረሰውን የእናቱን ደብዳቤ ደጋግሞ እያነበበ፣ ዝናሙ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ኋላ ግን ውሃ መቅዳትን፣ ልብስ ማጠብን፣ ሩዝ መልቀምን ለዚህ ቀን መደበ። ከዚያም ወዲህ ልጆቹ መምጣት ጀመሩ። በር አያንኳኩም፤ ዝም ብለው በደጁ ይቆማሉ፤ ሲያያቸውም ፈገግ ይላሉ። አንዱ እንጨት ይዞ ይመጣል፤ አንዷ ቃሪያ በእጥፋቷ አድርጋ ትመጣለች፤ ያልያዘም የሥዕል መጽሐፍ ለማየት ይመጣል።

በዚያ ቀን ዝናሙ ጥቂት ስላባራ መምህሩ አስቀድሞ ወደ ቀስት ሜዳ ወረደ። የቡታን ሰዎች ቀስት መወርወርን እጅግ ይወዳሉ፤ በ1971 የአገሩ ብሔራዊ ጨዋታ ሆኗል። ሁለቱ ዒላማዎች 145 ሜትር ያህል ተራርቀው ይተከላሉ፤ ዒላማውም በስፋቱ ከሰው ደረት የማይበልጥ ሳንቃ ነው። አንዱ ቡድን ሲወረውር የሌላው ቡድን ሰዎች በዒላማው አጠገብ ቆመው እየዘለሉ ያፌዙበታል፤ «እጅህ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይንህ ፈዘዘ» ይሉታል። ፍላጻው የመታ እንደ ሆነ ግን ጓደኞቹ ክብ ሠርተው እየዘፈኑ ያሸበሽባሉ። መምህሩንም ቀስት አስያዙት፤ የወረወረውም ፍላጻ ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ በጭቃ ተተከለ። ሽማግሌዎቹ እስኪያለቅሱ ድረስ ሳቁ፤ እርሱም ከእነርሱ ጋራ ሳቀ። ሲስቁበት እንዲህ በቀላሉ ይታገሥ የነበረ ሰው፣ በክፍሉ ውስጥ ሲሳቅ ግን መቈጣቱ የሚያስገርም ነው።

ወደ ማታ ልጆቹ በቤቱ ተሰብስበው ኤማ ዳጺ ሠሩ። ይህ ወጥ ቃሪያና አይብ ነው። በሌላ አገር ቃሪያ ወጥን ማጣፈጫ ነው፤ በቡታን ግን ወጡ ራሱ ቃሪያ ነው፤ እንደ ጎመን ተቈርጦ በድስት ሙሉ ይቀቀላል፣ ከቀይ ሩዝም ጋራ ይበላል። መምህሩ በመጀመሪያ የቀመሰ ጊዜ እንባው ስለ ወረደ፣ ልጆቹ አገሩን ናፍቆ ያለቀሰ መስሏቸው ነበር። አሁን ግን ለምዶታል።

እየበሉ ሳሉ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ «ሎፐን ላ» ብላ ጀምራ ዝም አለች። ሎፐን ማለት መምህር ማለት ነው። «ምንድን ነው?» ቢላት ዐይኗን ወደ እሳቱ መለሰች። ከአጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ግን ገና ማፈርን አልተማረም ነበርና፣ «ያ ልጅ ሰኞም አይመጣም ላ፤ የሚያመጣው አባት የለውም። አባቱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነ» አለ።

መምህሩ የያዘውን ጕርሻ በሳህኑ ላይ መለሰ። «ታዲያ ስለ ምን አልነገረኝም?»

ሕፃኑም፣ «እርስዎ አልጠየቁትም ላ። ያዘዙት ብቻ ነው» አለ።

እኅቱ ልትቈነጥጠው እጇን ዘረጋች፤ መምህሩ ግን ተዪው አላት። ከዚያ በኋላ ማንም ብዙ አልተናገረም፤ ልጆቹም ሳህኑን አጥበው በጊዜ ሄዱ።

በማግሥቱ እሑድ መምህሩ ማልዶ ተነሣ። ከሰባተኛው ክፍል አንድ ተማሪ መንገዱን እንዲመራው ጠራና ሁለቱ ወጡ። በክረምት በዚያ ተራራ መሄድ ቀላል አይደለም። አልቅቱ ከሣሩም ከቅጠሉም ላይ ተንጠራርቶ በእግር ላይ ይጣበቃልና፣ መንገደኞች ጨው በጨርቅ ቋጥረው ይይዛሉ፤ አልቅቱን በዚያ ሲነኩት ይወድቃል። ከመንገዱም በአንድ ስፍራ ቾርተን አገኙ። ይህ የቅዱሳን ነገር የሚኖርበት የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ በቀኙ እያደረገ ይዞረዋል እንጂ በግራው አይተወውም። መምህሩ ቸኵሎ ነበርና አቋራጩን ሊሄድ ወደደ፤ ተማሪው ግን ቆሞ ስለ ጠበቀው ተመልሶ እንደ ሥርዐቱ ዞረ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከወጡ በኋላ በገደል አፋፍ ላይ ካለች የድንጋይ ቤት ደረሱ። በምድር ቤቱ ላም ነበረች፤ ወደ ላይ የሚወጣውም ከአንድ ግንድ በተጠረበ መሰላል ነው። የልጁ እናት መምህሩን ባየች ጊዜ ደነገጠች። ወደ ውስጥ ሮጣ ሦስት እንቍላልና የአራ ጠርሙስ አምጥታ በፊቱ አኖረች፤ አራ ከበቆሎ የሚወጣ አረቄ ነው። ከዚያም ጐንበስ ብላ በአገሯ በጻንግላ ቋንቋ ብዙ ተናገረች። መምህሩ እንግዳ መቀበሏ መስሎት አመሰገናት። ተማሪው ግን መሬት መሬት እያየ፣ «ሎፐን ላ፣ ልጄን አያባርሩብኝ ነው የምትለው» አለው።

መምህሩ አፈረ። እንቍላሉን መልሶ ወደ እርሷ አቀረበ፤ ይህም ሌላ ስሕተት ሆነ፤ እርሷ ልመናዬ አልተቀበለም ብላ ዐይኗ እንባ ሞላ። በዚያ አገር ሰው ምግብ ሲቀርብለት በመጀመሪያ እጁን በአፉ ላይ አድርጎ «ሜሹ ሜሹ» ይላል፤ ይኸውም አይሁን አይሁን እንደ ማለት ነው። አቅራቢውም ሁለት ሦስት ጊዜ ይለምነዋል፤ ከዚያ በኋላ ይቀበላል። ፈጽሞ መመለስ ግን ስድብ ነው። ይህን ሥርዐት የማያውቅ መንገደኛ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብዙ ይራባል፣ ብዙም ያስቀይማል። መምህሩ ሥርዐቱን ያውቅ ነበረ፤ ያን ጊዜ ግን ከኀፍረቱ የተነሣ ረሳው። ተማሪው በክንዱ ነካ ቢያደርገው እንቍላሉን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ያን ጊዜ ሜሜ ከምድጃው አጠገብ ተናገሩ። ሜሜ ማለት አያት ማለት ነው። ሽማግሌው ጆሯቸው ደንቍሮ ስለ ነበረ የሚናገሩት በታላቅ ድምፅ ነው። «ልጁ ተኝቷል» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ በቆሎ ሲጠብቅ አድሮ ተኝቷል። ቀድሞ የምጠብቀው እኔ ነበርሁ። አሁን ግን የዱር እሪያ በአጠገቤ ቢያልፍ አልሰማም። አምና በአንድ ሌሊት ገብተው የሦስት ወር እህል አጠፉብን። እናቱ ቀን ቀን ከዝንጀሮ ትጠብቃለች፤ ሌሊት ደግሞ የምታጠባው ሕፃን አለ። እንግዲህ ማን ይጠብቅ?»

መምህሩም፣ «እሪያውን ስለ ምን አትገድሉትም?» ብሎ አስጠየቀ። ሜሜም፣ «ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው። እነርሱም ርቧቸው ነው የሚመጡት» አሉ።

መምህሩ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ልጁ በማዕዘኑ ጎውን ተከናንቦ ተኝቶ ነበር፤ በራሱም አጠገብ የቤት ሥራው ደብተር ተከፍቶ ነበር። በመጨረሻ መምህሩ፣ «ዛሬ ሌሊት የምጠብቀው እኔ ነኝ። ልጁ ይተኛ» አለ። እናቲቱ እጅግ ተቃወመች፤ እርሱ ግን ጸና። ተማሪውም ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣ።

በመሸ ጊዜ ወደ እርሻው ወረዱ። ማማው በአራት እንጨት ላይ የተሠራ፣ በላዩ ሣር የተከደነ ትንሽ ጎጆ ነው። በማማው ላይ አድሮ እህል የጠበቀ ልጅ ሥራው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ያልጠበቀ ግን መቀመጥ ብቻ ይመስለዋል። ከማማው እስከ ዳር አንድ ገመድ ተዘርግቶ በጫፉ ቆርቆሮዎች ተንጠልጥለዋል፤ ገመዱ ሲሳብ ይንኳኳሉ። ደግሞ ወንጭፍና ድንጋይ፣ ከሥርም እሳት አለ። ልጁ ሁሉን ካሳየው በኋላ፣ «ሲቀርቡ ማሽላ እንደሚታኘክ ያለ ድምፅ ይሰማል ላ፤ ከዚያ በፊት ግን ውሻው ዝም ይላል» አለው። መምህሩም፣ «አንተ ተኛ» ብሎ የዝናም ልብሱን አለበሰው።

እስከ እኩለ ሌሊት መምህሩ ነቅቶ ቆየ። ገመዱን ሳበ፣ ጮኸ፣ የአገሩንም መዝሙር ዘመረ። ከዚያ ዝናም መጣ፤ እሳቱ ጠፋ፤ ዝናሙ በሣሩ ክዳን ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰማ ይወርድ ጀመር። መምህሩ ጀርባውን በእንጨቱ ላይ አስደግፎ፣ «ዐይኔን ጥቂት ላሳርፍ» አለ።

የቀሰቀሰው የልጁ ጩኸት ነው። ልጁ በዝናሙ ውስጥ እየሮጠ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ በጨለማው ላይ ድንጋይ ይወረውር ነበር። መምህሩ ዘሎ ቢወርድ በጭቃው ወደቀ። እሪያዎቹ እያጕረመረሙ ወደ ጫካው ሄዱ። በነጋ ጊዜ ሲያዩ፣ በታችኛው ዳር አንድ ታላቅ ክፍል ያህል ስፍራ በቆሎው ተሰባብሮ ተኝቷል፤ ከእሸቱም የተረፈው ጥቂት ነው።

መምህሩ ገንዘብ አውጥቶ ለሜሜ ሊሰጥ ፈለገ። ሽማግሌው ግን የተሰበረውን አገዳ እየለቀሙ፣ «ለላሚቱ ይሆናል» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ሎፐን ላ፣ እንቅልፍ የማያሸንፈው ማን አለ?» አሉት። ይህን ያሉት ሊያጽናኑት ነበር፤ እርሱን ግን ከስድብ ይልቅ ወጋው። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ነገር ግን አልሳቀም። በዐርብ ዕለት በእርሱ ላይ ሲሳቅ የተሰማውን ያውቃልና።

ሁለቱ ሰኞ ጧት አብረው ወደ ትምህርት ቤት ወረዱ። በሦስተኛው ሰዓት የልጁ ራስ ቀስ እያለ ወደ መጽሐፉ ወረደ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ መምህሩን ተመለከቱ። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትምህርቱን ቀጠለ፤ ደወሉ በተደወለም ጊዜ ልጁን አስቀርቶ ያመለጠውን ብቻውን አስተማረው። ስለዚህም ነገር ለማንም አልተናገረም፤ ነገር ግን መንገድ የመራው ተማሪ አፉን አልያዘም ነበርና፣ እስከ ማታ ድረስ የመምህሩ እንቅልፍ በመንደሩ ሁሉ ተወራ። የቀስት ተጫዋቾቹም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲወረውር፣ «እሪያ መጣ! እሪያ መጣ!» እያሉ ጮኹበት።

ወሬው ግን ጥቅም አመጣ። የሰባተኛው ክፍል ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ሊጠብቁ ተስማሙና፣ መከሩ እስኪሰበሰብ ድረስ ልጁ ከሦስት ሌሊት አንዱን ብቻ ጠበቀ። መምህሩ የቅዳሜን ሌሊት ለራሱ ወሰደ። ብቻውን እንዲጠብቅ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አልፈቀደለትም፤ ሁልጊዜም አንድ ልጅ አብሮት ይላክ ነበር፤ ይኸውም መምህሩን ሊጠብቅ ነው። ዛሬ በዚያ አገር በብዙ እርሻ ዙሪያ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ተዘርግቶ እሪያውን ስለሚከለክል፣ ሌሊቱን ሁሉ በማማ ላይ ማደር በብዙ ስፍራ ቀርቷል።

መከሩ ካለቀ በኋላ፣ በአንድ የእሑድ ቀን፣ ሰማዩ ጠርቶ ቃሪያው በየጣራው ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ የልጁ እናት ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ፣ ከሸምበቆ የተሠራ መሶብ ይዛ ከመምህሩ ደጅ ቆመች። በመሶቡ ውስጥ ቴንግማ ነበረ፤ ይህም ተቈልቶ በሙቀጫ የተጠፈጠፈ በቆሎ ነው። መምህሩ ወጥቶ ባያት ጊዜ ሁለት እጆቹን በአፉ ላይ አድርጎ፣ «ሜሹ ሜሹ» አለ። እርሷም ሳቀች፤ ደግማም አቀረበችለት። እንደ ገና፣ «ሜሹ ሜሹ» አለ። በሦስተኛው ሻሹን ዘረጋ፤ እርሷም እስኪፈስስ ድረስ ሞላችለት።